ባልተለመዱ መሠረቶች ስለሚጻፉ ሙሉ ቁጥሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

25 የሚለው ጽሑፍ ራሱ ቁጥሩ አይደለም። የቁጥሩ አንድ አጻጻፍ ነው። ይኸው ቁጥር 11001 ተብሎም ይጻፋል። 185 ተብሎም ይጻፋል። +0−+ ተብሎም ይጻፋል። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ የተለያየው መሠረታቸው ብቻ ነው። የሒሳብ ፍቅር ያለበት ሰው ይህን አንዴ ካየ በኋላ ቁጥርን በድሮው ዓይን አያይም። ከዚህ በታች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን፤ እየጻፉ ካልሆነ ነገሩ አይገባም።

«የቁጥር መሠረት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ትምህርት ቤት የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት እያልን ተምረናል። ወደ ግራ አንድ ቤት በሄድን ቁጥር የቤቱ ዋጋ በ10 ይባዛል። ያ 10 መሠረቱ ነው። በ10 ፋንታ በ2 ካባዛን የኮምፒውተሩን መሠረት እናገኛለን፦ የአንድ ቤት፣ የሁለት ቤት፣ የአራት ቤት፣ የስምንት ቤት። 25 በዚህ መሠረት 11001 ነው፤ 16 ሲደመር 8 ሲደመር 1 ማለት ነው። የጥንት ባቢሎናውያን መሠረታቸው 60 ነበር። ዛሬ ሰዓት ላይ የምናያቸው 60 ደቂቃና 60 ሰከንድ የእነሱ ውርስ ናቸው።

እነዚህ የታወቁት ናቸው። እዚህ የምናወራው ብዙ ሰው መሠረት ይሆናሉ ብሎ ስለማያስባቸው ነው፤ ስለ ኔጋቲቭ ቁጥር፣ ስለ ክፍልፋይ፣ ከዚያም አልፎ ስለ ሌሎች።

መሠረቱ ሲቀየር የቁጥሩ ጠባይ አብሮ ይቀየራል?

ሁለት ዓይነት ጠባይ አለ። አንዱ የቁጥሩ የራሱ ነው፤ ሌላው የአጻጻፉ ነው። ይህን ልዩነት መያዝ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

11 ብቸኛ ቁጥር ነው። ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። አስራ አንድ ብርቱካን ለአምስት ሰው እኩል ማካፈል የማይቻለው ቁጥሩን በጻፋችሁበት መንገድ ምክንያት አይደለም። በመሠረት 2 ብትጽፉት 1011 ይሆናል፤ ብቸኝነቱ ግን እንዳለ ነው። ተጋማሽ መሆን፣ ለ7 መካፈል፣ የሌላ ቁጥር ካሬ መሆን፣ እነዚህም የቁጥሩ ናቸው።

«መጨረሻው 0 ወይም 5 ከሆነ ለ5 ይካፈላል» የሚለው ግን የአጻጻፉ ነው። በመሠረት 7 አይሠራም። ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ የሆነ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 77 በመሠረት 10 እንዲህ ነው፣ በመሠረት 2 ግን 1001101 ይሆናል፤ ከኋላ ሲነበብ አንድ አይደለም። ስለዚህ ስለ አንድ ቁጥር አስደናቂ ነገር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «በሌላ መሠረትስ?» ብዬ ነው። ብዙ አስደናቂ የሚባሉ ነገሮች እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ።

በሁሉም መሠረት የሚሠራ የአጻጻፍ ጠባይ አለ?

አለ፤ ደስ የሚለውም ይህ ነው። 121ን ውሰዱ። በመሠረት 10 የ11 ካሬ ነው። በመሠረት 3 ብናነበው 9 ሲደመር 6 ሲደመር 1፣ ማለትም 16 ነው፤ የ4 ካሬ። በመሠረት 8 ብናነበው 64 ሲደመር 16 ሲደመር 1፣ ማለትም 81 ነው፤ የ9 ካሬ። ከ3 ጀምሮ የፈለጋችሁትን መሠረት አምጡ፣ 121 ሁልጊዜ ካሬ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። መሠረቱን «መ» እንበለው። 121 ማለት መ×መ + 2×መ + 1 ነው። ይህ ደግሞ (መ+1)×(መ+1) ነው።

10101ም ሌላ ነው። በየትኛውም መሠረት ብቸኛ ቁጥር ሊሆን አይችልም። ሁልጊዜ በሁለት ይከፈላል፦ አንዱ መ×መ + መ + 1፣ ሌላው መ×መ − መ + 1። በመሠረት 10 111 ሲባዛ በ91 ነው። በመሠረት 2 ደግሞ 10101 ማለት 21 ነው፤ 7 ሲባዛ በ3። አንድ መስመር አልጀብራ ማለቂያ የሌላቸውን መሠረቶች በአንዴ ይጨርሳቸዋል።

መሠረቱ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

መሠረቱን −10 እናድርገው። አሃዞቹ ያው ከ0 እስከ 9 ናቸው። የቤቶቹ ዋጋ ግን ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ −10፣ 100፣ −1000፣ 10000 እያለ ይሄዳል። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ቀጣዩ ኔጋቲቭ። እንግዲህ 185ን በዚህ መሠረት እናንብበው። 100 አለ። 8 ጊዜ −10 አለ፣ −80 ነው። 5 አለ። 100 − 80 + 5 = 25። መግቢያው ላይ 25 «185 ተብሎም ይጻፋል» ያልኩት ይህን ነው።

አሁን 35ን እናንብብ። 3 ጊዜ −10 እና 5፣ ማለትም −25። የቅነሳ ምልክት ሳንጠቀም ኔጋቲቭ ቁጥር ጻፍን! በመሠረት −10 ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም የሆነ እያንዳንዱ ድፍን ቁጥር ያለ ምንም ምልክት ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱም አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ ምልክት ከሌለ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ በምን ይታወቃል?

አሃዞቹን ቁጠሩ። ብዛታቸው ኢተጋማሽ (1፣ 3፣ 5…) ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው። ተጋማሽ (2፣ 4፣ 6…) ከሆነ ኔጋቲቭ ነው። በግራ ጫፍ ያለው ቤት የቀሩትን ሁሉ ስለሚያሸንፍ ነው። ባለ ሁለት አሃዞቹ ከ19 እስከ 90 ስንሄድ ከ−1 እስከ −90 ይሸፍናሉ። ባለ ሦስት አሃዞቹ ከ190 (10 ነው) እስከ 909 (እሱ ራሱ 909 ነው) ይደርሳሉ።

አንድን ቁጥር ወደ መሠረት −10 እንዴት እቀይራለሁ?

በ−10 እያካፈላችሁ ቀሪውን መያዝ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቀሪው ሁልጊዜ ከ0 እስከ 9 መሆን አለበት። ኔጋቲቭ ቀሪ አይፈቀድም።

1988ን እንሞክር።

1988፦ ቀሪ 8። 1980 ለ−10 ሲካፈል −198።
−198፦ ቀሪ 2፤ ምክንያቱም −198 − 2 = −200 ነው። ለ−10 ሲካፈል 20።
20፦ ቀሪ 0። ለ−10 ሲካፈል −2።
−2፦ ቀሪ 8፤ −2 − 8 = −10። ለ−10 ሲካፈል 1።
1፦ ቀሪ 1። አለቀ።

ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ስናነብ 18028 እናገኛለን። እናረጋግጥ፦ 10000 − 8000 + 0 − 20 + 8 = 1988። ልክ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው −198 ላይ ነው። «ቀሪ 8» ይላል፣ ከመሠረት 10 በለመደው። ወደ ታች ነው መውረድ ያለብን፤ ወደ −200።

በመሠረት −10 የመካፈል ደንቦቹስ?

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በለመድነው አጻጻፍ ለ9 መካፈሉን የምናውቀው አሃዞቹን በመደመር ነው። ለ11 መካፈሉን የምናውቀው ደግሞ አንዱን ደምረን ቀጣዩን እየቀነስን ነው። በመሠረት −10 ሁለቱ ደንቦች ቦታ ይለዋወጣሉ።

121 ለ11 ይካፈላል። በመሠረት −10 281 ነው፤ 200 − 80 + 1። አሃዞቹን ደምሩ፦ 2+8+1 = 11። ይካፈላል። 18 ለ9 ይካፈላል። በመሠረት −10 198 ነው። አፈራርቀን ስንደምርና ስንቀንስ 1 − 9 + 8 = 0። ይካፈላል።

ምክንያቱን ለሚፈልግ፦ 10 ለ9 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ለ9 እንደ 1 ይቆጠራል። −10 ደግሞ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ሥራው ተላለፈ ማለት ነው። ለ9 መካፈል የቁጥሩ ጠባይ ነው፣ አልተነካም። የተለወጠው የምናውቅበት መንገድ ነው።

መደመርስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ደንቡ ይገለበጣል። አንድ ቤት 10 ሲሞላ 10 ይቀነሳል፣ ወደ ቀጣዩ ቤት የሚሻገረው ግን 1 ሳይሆን −1 ነው። 185 ሲደመር 8 እንሥራ። 5+8 = 13። 3 እንጽፋለን፣ ከቀጣዩ 8 ላይ 1 እንቀንሳለን፣ 7። መልሱ 173። 100 − 70 + 3 = 33፤ ልክ 25+8።

ቀጣዩ ቤት 0 ከሆነ −1 ይሆናል። ያኔ 9 ጽፈን ወደሚቀጥለው ቤት 1 እንሰጣለን። ስለዚህ 9+1 = 190 ነው። ይህ ስህተት የሚመስለው ሰው ያንብበው፦ 100 − 90 = 10። 19+1 ደግሞ 0 ነው፤ 19 ማለት −1 ነውና።

ይህን ማን ፈለሰፈው? በተግባርስ ውሏል?

ኔጋቲቭ መሠረትን በጽሑፍ ቀድሞ ያቀረበው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ግሩንዋልድ ነው፤ በ1885 እ.ኤ.አ.። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፖላንድ ውስጥ በመሠረት −2 የሚሠራ ቢኔግ የተባለ ኮምፒውተር ተሠራ። ዛሬ ኮምፒውተሮች በዚህ አይሠሩም። በተራው መሠረት 2 ኔጋቲቭን የሚጽፉበት የቀለለ ዘዴ ስላገኙ፣ የመሻገሪያው መገለባበጥ ዋጋ አላወጣም። እኔ ፍርዱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ለማሽን የሚመችና ለማሰብ የሚያምር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

«የኢትዮጵያ ማባዣ» ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ማባዣ ተብሎ የሚታወቅ ዘዴ አለ። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣም ይሉታል። ተመሳሳይ አሠራር በጥንት ግብጽ ፓፒረስ ላይም ይገኛል። ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ የማባዣ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም።

13 ሲባዛ በ24 እንሥራ። በግራ 13ን እያጋመስን ትርፉን እንጥላለን። በቀኝ 24ን እናጥፋለን።

13 — 24
6 — 48
3 — 96
1 — 192

በግራው ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር እንሰርዛለን፤ የ6 መስመር ይወጣል። የቀሩትን ቀኞች እንደምራለን፦ 24+96+192 = 312።

ለምን ሠራ? የግራው ዓምድ 13ን ሳናውቀው ወደ መሠረት 2 እየቀየረው ነው። ኢተጋማሽ ሲሆን 1፣ ተጋማሽ ሲሆን 0፤ ከታች ወደ ላይ ስናነብ 1101። ማለትም 8+4+1። ዘዴው መሠረት 2ን በስሙ ሳይጠራ ይጠቀምበታል።

አሁን ይህንኑ በመሠረት −2 እንሞክረው፤ መልሱ ያው መምጣት አለበት። በግራ ለ−2 እናካፍላለን፣ ቀሪው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። በቀኝ በ−2 እናባዛለን።

13 — 24
−6 — −48
3 — 96
−1 — −192
1 — 384

የ−6ን መስመር እንሰርዝ። 24 + 96 − 192 + 384 = 312። መጣ! 13 በመሠረት −2 11101 ነው፤ 16 − 8 + 4 + 1። ይህን ለልጆች አሳዩአቸው። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም።

አሃዙ ራሱ ኔጋቲቭ ቢሆንስ?

ይሄኛው «ሚዛናዊ መሠረት 3» ይባላል። ቤቶቹ 1፣ 3፣ 9፣ 27 ናቸው። አሃዞቹ ሦስት፦ +፣ 0፣ −። + ማለት ጨምር፣ − ማለት ቀንስ፣ 0 ማለት ተወው። +0−+ ማለት 27 − 3 + 1 ነው፤ 25።

ስሙ እንደሚለው በሚዛን ይታያል። ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን አለን። ድንጋዮቻችን 1፣ 3፣ 9 እና 27 ኪሎ ናቸው፤ አራት ብቻ። 25 ኪሎ ጤፍ ለመመዘን ጤፉ ባለበት ሳህን ላይ 3 ኪሎውን እንጨምራለን፣ በሌላው ላይ 27 እና 1 እናደርጋለን። 28 በ28፣ ተስተካከለ። 5 ኪሎ ቡና ለመመዘን 1 እና 3 ከቡናው ጋር፣ 9 በሌላው በኩል፤ +−−። በእነዚህ አራት ድንጋዮች ከ1 እስከ 40 ኪሎ ማንኛውንም ሙሉ ኪሎ መመዘን ይቻላል። ፈረንሳዊው ባሼ ይህን ጥያቄ በ1612 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል።

ጠባዮቹ ያስቀናሉ። ቁጥሩን ኔጋቲቭ ለማድረግ + እና −ን መገልበጥ ብቻ ነው፦ −25 ማለት −0+− ነው። ምልክቱን ለማወቅ የግራውን ጫፍ ማየት ይበቃል። ተጋማሽ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ 0 ያልሆኑትን አሃዞች ቁጠሩ፤ ብዛታቸው ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩም ተጋማሽ ነው። የ3 ርቢዎች (1፣ 3፣ 9፣ 27…) ሁሉ ኢተጋማሽ ስለሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው ቶማስ ፋውለር በ1840 በዚህ የሚያሰላ ማሽን ከእንጨት ሠርቷል። በ1958 ደግሞ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ኒኮላይ ብሩሴንትሶፍ ሴቱን የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ። ወደ 50 የሚጠጉ ተመርተው አገልግለዋል።

ክፍልፋይስ መሠረት ይሆናል? ለምሳሌ 1.5?

ይሆናል፤ የሚገርም ባህርይም አለው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ ቤት 3 ሲሞላ ሦስቱ ይወጣሉ፣ 2 ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገራል። አሃዞቹ 0፣ 1፣ 2 ናቸው። ከ1 እስከ 10 ስንቆጥር፦

1፣ 2፣ 20፣ 21፣ 22፣ 210፣ 211፣ 212፣ 2100፣ 2101።

6ን እንፈትሽ። 210 ማለት 2×2.25 + 1×1.5 + 0 ነው፤ 4.5+1.5 = 6። ክፍልፋዮቹ ተደማምረው ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ይሰጣሉ። ከ2 ጀምሮ ሁሉም ቁጥር በ2 ይጀምራል። ከ6 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም በ21። የመጨረሻው አሃዝ ለ3 ሲካፈል የሚተርፈውን ይነግራል። ለ5 መካፈሉን ለማወቅ አሃዞቹን አፈራርቆ መደመርና መቀነስ ነው፤ 10ን ብንወስድ 2101፦ 1 − 0 + 1 − 2 = 0። 15 ደግሞ 21010 ነው፦ 0 − 1 + 0 − 1 + 2 = 0። ከ2 በላይ አሃዝ በሌለበት አጻጻፍ ለ5 እንዲህ ያለ ንጹሕ ደንብ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በወርቃማው ቁጥር መጻፍ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ወርቃማው ቁጥር፣ ፋይ፣ 1.618… እያለ የማያልቅና በክፍልፋይ የማይጻፍ ነው። እንዲህ ባለ መሠረት ሙሉ ቁጥር ሲጻፍ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ይመጣል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አይመጣም። እያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ ተጽፎ ያልቃል፦ 2 ማለት 10.01፣ 3 ማለት 100.01፣ 4 ማለት 101.01፣ 5 ማለት 1000.1001።

ምስጢሩ ፋይ ሲባዛ በፋይ ፋይ ሲደመር 1 መሆኑ ነው። ስለዚህ አጠገብ ለአጠገብ የመጡ ሁለት 1ዎች በግራቸው ወዳለው ቤት ተጠቃልለው አንድ 1 ይሆናሉ፤ 011 ማለት 100 ነው። በመጨረሻው አጻጻፍ ሁለት 1ዎች ጎን ለጎን አይቆሙም። ይህን ያሳተመው ጆርጅ በርግማን ነው፤ በ1957 እ.ኤ.አ.፣ ገና ታዳጊ ልጅ ሳለ።

የዚህ ዘመድ የሆነ ለኑሮ የሚጠቅም አጻጻፍም አለ። ቤቶቹ የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89፣ 144። እያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር ጎረቤታሞች ያልሆኑ የእነዚህ ድምር ሆኖ በአንድ መንገድ ብቻ ይጻፋል። ቤልጄማዊው ሐኪም ዜከንዶርፍ ያረጋገጠው ነው። 100 = 89+8+3።

ጥቅሙ? አሜሪካ ያላችሁ ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር ተጠቀሙበት። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለፋይ ቅርብ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር በቀጣዩ ፊቦናቺ መተካት ነው። መንገዱ ላይ የፍጥነት ወሰን 65 ማይል ይላል። 65 = 55+8+2። አንድ አንድ ደረጃ ስናሳልፋቸው 89+13+3 = 105። ትክክለኛው 104.6 ነው። ያለ ማባዛት ተሠራ።

ሁሉም ቤት የራሱ መሠረት ሊኖረው ይችላል?

በየቀኑ የምንጠቀመው እኮ እሱን ነው። 60 ሰከንድ ደቂቃ፣ 60 ደቂቃ ሰዓት፣ 24 ሰዓት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 30 ቀን ወር። እያንዳንዱ ቤት የሚሞላው በተለያየ ቁጥር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ለሒሳብ የሚያምረው የፋክቶሪያል አጻጻፍ ነው። ቤቶቹ 1፣ 1×2፣ 1×2×3 እያሉ ይሄዳሉ፤ ማለትም 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120፣ 720 ናቸው። በመጀመሪያው ቤት እስከ 1፣ በሁለተኛው እስከ 2፣ በሦስተኛው እስከ 3 ብቻ ይጻፋል። 365 እንግዲህ 30021 ነው፦ 360+4+1። 54321 ደግሞ 719 ነው፤ ከ720 አንድ የጎደለ።

ይህ አጻጻፍ ሰልፍን ይቆጥራል። አምስት ሰዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በ120 መንገድ ይሰለፋሉ። ሰልፎቹን ከ0 ጀምረን በፊደል ተራ ብንቆጥር 100ኛው የትኛው ነው? 100 በፋክቶሪያል 4020 ነው። ከዝርዝሩ 4 አልፋችሁ ያለውን አንሱ፣ ሠ። ከቀሩት 0 አልፋችሁ፣ ሀ። ከዚያ 2 አልፋችሁ፣ መ። ከዚያ 0፣ ለ። የቀረው ሐ። ሰልፉ ሠ፣ ሀ፣ መ፣ ለ፣ ሐ ነው። 100 ሰልፍ መጻፍ ሳያስፈልግ ተገኘ።

የግዕዝ ቁጥሮች መሠረታቸው ስንት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «10» ብሎ መጨረስም አይገባም። ግዕዝ ዜሮ የለውም። ፩ እስከ ፱ አለ፣ ፲ እስከ ፺ አለ፣ ከዚያ ፻ እና ፼ አሉ። ለ1000 የራሱ ምልክት የለም፤ ፲፻ ነው፤ አሥር መቶ። 123456ን እንጻፍ፦ ፲፪፼፴፬፻፶፮። አሃዞቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትከፍሉ 12፣ 34፣ 56 ናቸው። በመካከላቸው ፼ እና ፻ ገብተዋል። ስለዚህ ከውስጥ አሥር፣ ከውጭ መቶ የሆነ መሠረት ነው ብል ደስ ይለኛል። ዜሮ ሳያስፈልገው የቻለውም እያንዳንዱ አሥር የራሱ ምልክት ስላለው ነው።

መሠረት 1ስ?

ጭረት መቁጠር ነው። 5 ማለት አምስት ጭረት። የቤት ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ቤት 1 ነው።

ከዚህ የባሰ እንግዳ መሠረት አለ?

አለ። ዶናልድ ክኑዝ በ1955 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ የ−1ን ካሬ ሥር በ2 አባዝቶ መሠረት አደረገው። አሃዞቹ ከ0 እስከ 3 ናቸው። ሙሉ ቁጥሮች በዚህ ሲጻፉ በየመሃላቸው 0 ይገባል፦ 5 ማለት 10301 ነው። አንድ ቤት እየዘለልን ስናነበው 131 ነው፤ ይህም 5 በመሠረት −4 መሆኑ ነው፦ 16 − 12 + 1። ኔጋቲቭ መሠረት እዚህም ተደብቆ ይገኛል።

ለመለማመድ ከምን ልጀምር?

ከመሠረት −10። የተወለዳችሁበትን ዓመት ቀይሩ፤ ከዚያ መልሳችሁ አረጋግጡ። አሃዞቹን ደምራችሁ ለ11 ስታካፍሉ የሚተርፈው፣ ዓመቱን ራሱን ለ11 ስታካፍሉ ከሚተርፈው ጋር እኩል መሆን አለበት። የ1988ን ብናይ 1+8+0+2+8 = 19፣ ቀሪ 8። 1988 ለ11 ሲካፈልም ቀሪው 8 ነው።

ሲቀናችሁ ወደዚህ እለፉ፦ 305 በመሠረት 10ም በመሠረት −10ም 305 ነው። ከ1 እስከ 1000 ባለው ውስጥ እንዲህ አጻጻፋቸው የማይለወጥ ስንት ቁጥሮች አሉ? ፍንጩ የአስር ቤቱ ውስጥ ነው።